ሰላምታና ሠላሳ ደቂቃ

ሸሀቡ ዚፕ ሲቀይር መጀመሪያ ጃኬቱን ገልብጦ ጉልበቱ ላይ ያነጥፈዋል። የተበላሸውን ዚፕ የያዘውን ስፌት በግማሽ ምላጭ በየሦስተኛው ጥልፍ ላይ ጫር ያደርገዋል፤ ሁሉንም አይቆርጥም፣ ጨርቁ ይጎዳል። ከዚያ የዚፑን ጫፍ ይዞ ሲስበው ክሩ ተግተልትሎ ይወጣል። ብጥስጣሹን በጥርሱ ይለቅማል። አዲሱን ዚፕ በእጁ ሰፋ ሰፋ አድርጎ ያያይዛል፣ ጥርሶቹን ሻማ ይቀባል፣ የስፌት መኪናዋ ሥር ያስገባና ቀኝ እግሩን ፔዳሉ ላይ ያሳርፋል። መኪናዋን የሚያዛት እግሩ ነው። ሲጫን ትሮጣለች፤ ጥግ ላይ ሲደርስ ላላ ያደርገውና አንድ አንድ ጥልፍ ትረግጣለች።

በ2004 ዓ.ም. ጥቅምት፣ ደባርቅ ዋናው መንገድ ዳር ባለችው ሱቁ ይህንኑ ሲሠራ ነበር። ጃኬቱ የታደለ ነው፤ ሳንቃ በር ላይ የፓርኩ ስካውት፣ ማለትም ጠባቂ የሆነው። የሸሀቡ ሚስት ጣይባ ምሳ ይዛ ገባችና ቆማ አየችው።

«ሸሀቡ፣ ነጠላ ጫማህ የት ሄደ?»

ጎንበስ አለ። ጫማው ወልቆ ጥግ ተጥሏል። አውራ ጣቱን የፔዳሉ ብረት ልጦታል፤ ደሙ ብረቱ ላይ መድረቅ ጀምሯል።

«መቼ ወለቀ?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? እግሩ ያንተ አይደል?»

ምንም አልተሰማውም ነበር። ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሠላሳውን በስፌት ኖሯል፣ ሌላ ሙያ የለውም። እግሩ ከጠፋ መኪናዋ ቆመች ማለት ነው።

ጤና ጣቢያ ያየችው ነርሷ እሌኒ ናት።

«ስኳር ነው ጋሽ ሸሀቡ። የእግርዎን ነርቭ ነክቶታል። መድኃኒቱን አያቋርጡ። ማታ ማታ እግርዎን በዓይንዎ ይመርምሩት፣ ሕመሙ ስለማይነግርዎት። ቁስሉ ሲድን ደግሞ በየቀኑ ሠላሳ ደቂቃ በእግር ይሂዱ።»

«ወዴት?»

«የትም።»

«የትም የሚባል አገር አለ እንዴ ልጄ?»

«ለአየር ነው፤ ስኳሩንም ያወርደዋል። ሽፍን ጫማ ከነካልሲው ያድርጉ። ደግሞ ሳይቆሙ።»

ጫማውን ታደለ አመጣለት፤ አንድ ቱሪስት ትቶለት የሄደው ነው፣ በአንድ ቁጥር ይሰፋል። ሸሀቡ ካልሲ ደርቦ ሞላው። ኅዳር አጋማሽ ላይ፣ ከሱብሒ ሶላት በኋላ፣ ጋቢውን ተከናንቦ በሊማሊሞ መንገድ ወጣ።

እዚያ መንገድ ላይ ጠዋት የሚሄድ ሰው የሚሄድበት ይታወቃል። ገበያተኛ ሸክም አለው፣ ገበሬ በሬ ይነዳል። ባዶ እጁን ተከናንቦ የሚገሰግስ ለቅሶ ደራሽ ነው። በከተማው ጫፍ ሻይ ቤት ያላት የሺወርቅ ደጇን ስትጠርግ አየችው።

«ማን አርፎ ነው ሸሀቡ?»

«ማንም። ለአየር ነው።»

ሊያስደነግጣት ስላልፈለገ የደበቃት መሰላት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ጎረቤቷን ጤናዬን ጠርታ ተከተለችው። ሸሀቡ ገደሉ ከሚታይበት ጉብታ ደርሶ ዞር ሲል ሁለት ሴቶች እያለከለኩ መጡ።

«ድንኳኑ የት ነው?» አለች ጤናዬ።

«የምን ድንኳን?»

«የለቅሶው ነዋ።»

ነገሩ ሲገባቸው የሺወርቅ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «እኔ እኮ ማልቀስ ጀምሬ ነበር» አለች። ሦስቱም ቁልቁል አዩ። አዲ አርቃይ በጭጋግ ውስጥ ሩቅ ናት። ከገደሉ አፍ ላይ ጭላዳዎች ፀሐይ ይሞቃሉ፣ ከኋላ የገብሱ ማሳ በነፋስ ይተኛል ይነሣል። ሸሀቡ ይህን መንገድ በአውቶብስ ስንት ጊዜ ወርዶበታል፤ ያን ጊዜ ግን ገደሉን ፈርቶ ዓይኑን ይጨፍን ስለነበር አላየውም።

በማግስቱም ሄደ። በወሩ እሌኒ ስኳሩን ለካች፤ ፈቀቅ አላለም።

«ይሄዳሉ?»

«በየቀኑ።»

«ሳይቆሙ?»

ሸሀቡ መዋሸት አያውቅም። «ዛሬ አሥራ አንድ ጊዜ ቆሜያለሁ» አለ። ሁሉም ሰላም ይለዋል፣ ሰላም የሚባል ሰው ደግሞ ይቆማል፤ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ አዝመራው ይጠየቃል፣ ይጠይቃል።

«እንግዲህ የእርስዎ ሥራ መቆም ነው» አለች እሌኒ። «እግርዎን ከፈለጉት ይለፏቸው።»

አለፋቸው። እጁን እያነሣ፣ ፈገግ እያለ። ብዙዎቹ ሳቁበት። ወልደ ሩፋኤል ግን ከፋቸው። ሰባ ያለፋቸው፣ ደጃፋቸው መንገዱ ላይ የሆነ ሽማግሌ ናቸው። በሳምንቱ መሪጌታ ገብረ ሚካኤል ከሌላ ሽማግሌ ጋር ወደ ሱቁ መጡ። ሸሀቡ ሥራውን አቁሞ ወንበር ሰጣቸው።

«ወልደ ሩፋኤል አዝኗል» አሉ መሪጌታ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሱሪውን ካንተ በቀር ሰፊ አላስነካም። ‹እንደ አውቶብስ ረዳት እጁን አወዛውዞ አለፈኝ› ይላል።»

ሸሀቡ ብዙ አልተከራከረም። ጫማውን አወለቀ፣ ሁለቱንም ካልሲ ሳበ፣ ጠባሳውን አሳየ። «እዚህ ጋ መርፌ ቢሰኩብኝ አልሰማም፣ መሪጌታ። ከቆምኩ መኪናዋም ትቆማለች።»

መሪጌታ እግሩን ረጅም ጊዜ አዩት። ከባልደረባቸው ጋር ደጅ ወጥተው ተማከሩና ተመለሱ። ፍርዱ ቀላል ነበር። ሰላምታው አይጓደል፣ እግሩም አይቁም። ወልደ ሩፋኤል ደጃፋቸው ላይ ይጠብቁት፤ ሰላምታው እስኪያልቅ አብረውት ይሂዱ።

በማግስቱ ሽማግሌው ከዘራቸውን ይዘው በራፍ ላይ ቆመው ነበር።

«እንዴት አደርክ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ እርስዎ እንዴት አደሩ?» ሸሀቡ እርምጃውን ቀነስ አደረገ እንጂ አልቆመም።

«ጣይባ ደኅና ናት? ልጆቹስ? በቅሎዋስ?»

«በቅሎ የለኝም ጋሼ።»

«የኔዋን ማለቴ ነው። ሆዷን አሟት ሰነበተች፤ ልንገርህ።»

የበቅሎዋ ሆድ ጉብታው ድረስ አደረሳቸው። ሰላምታው ዛሬም አላለቀም። ወልደ ሩፋኤል የተሳሰረው ጉልበታቸው እንደተፍታታላቸው ይናገራሉ፤ መንገድ ላይ ገብሱ መቼ እንደሚያሸት፣ የትኛው ማሳ ውርጭ እንደመታው ለሸሀቡ ያሳዩታል። እሱ ደግሞ የሱሪያቸውን ጫፍ ሁለት ጣት አሳጥሮላቸዋል፣ ጤዛ እንዳይነካው።

በፋሲካ ሰሞን ስኳሩ ወረደ። ጣቶቹ እንደደነዘዙ ናቸው፤ እሌኒ ይህ ላይመለስ እንደሚችል ነግራዋለች። ድንዛዜው ግን ወደ ላይ አልወጣም። ቁስል የለም፣ ተረከዙ ፔዳሉን ያውቀዋል፣ ሌሊት ደኅና ይተኛል። ጣይባ በሊማሊሞ እንደቀናች ትናገራለች፤ ዓርብ ዓርብ እሷም ትከተላቸዋለች።

አሁን የቀረው ዛሬም ቁም የሚለው ሌላው መንገደኛ ነው፤ የሽማግሌዎቹ ፍርድ እሱን አይመለከትም። ስለዚህ ሸሀቡ ይህ ሲጻፍ እንዲህ ተብሎ እንዲገባለት ጠየቀ፦ «ጠዋት በሊማሊሞ መንገድ የምታገኙኝ ሁሉ፣ እባካችሁ ቁም አትበሉኝ። የምትጠይቁኝን አብራችሁኝ እየሄዳችሁ ጠይቁኝ። ሃያ እርምጃም ይበቃል።»