የማተሚያ ቤቱ ቀይ ቀለም

የትናየት ቢቸና ላይ የሰርግ ባነር የምትሠራበት ጠባብ ሱቅ አላት። በኮምፒውተሯ የሙሽራ ፎቶ ታሳምራለች፣ የሚዜ ብጉር ታጠፋለች፣ ተመራቂ ጋዋን ታለብሳለች። ሥራው ባይከፋም፣ ባነር ሰርጉ ባለፈ ማግስት በርበሬ ማስጫ ይሆናል። እሷ የምትመኘው ተሠርቶ የሚኖር ነገር ነበር።

ሞጣ ያለው ሀብተ ሥላሴ ማተሚያና አሳታሚ ለስድሳኛ ዓመቱ ሎጎ እንደሚፈልግ ስትሰማ ታዲያ እንቅልፍ አጣች። ከእንግዲህ በሚያሳትመው የጸሎት መጽሐፍ ሁሉ ላይ የሚወጣ ሎጎ! የመሥራቹ ልጅ ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ በስልክ ቁርጡን ነገሯት፦ «ሠርተሽ አምጪና ልየው፤ ካልሆነ አዲስ አበባ አሠራለሁ።»

«ሀብተ ሥላሴ» የሚለውን የመሥራቹን ስም በደማቅ ቀይ ጻፈች፣ ከላዩ ወርቃማ ፷ አኖረችና በሚኒባስ ሞጣ ገባች።

ወይዘሮዋ መነጽራቸውን አድርገው አዩት፤ ከዚያ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

«አባቴ መቼ ጸደቁና ነው በቀይ የጻፍሻቸው?»

የትናየት ግራ ገባት። ወይዘሮዋ ከመደርደሪያው ቤቱ ያሳተመውን አሮጌ መጽሐፍ አውርደው ገለጡላት። ጽሑፉ ጥቁር ነው፤ ቀይ የሆነው የአምላክ፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም ብቻ። ለዚያች ቀይ ሲባል ወረቀቱ እንደገና ማሽን ይገባ ነበር።

«ጠላ ካገኙ ማሕሌት የሚቀሩ ሰው እኮ ነበሩ! የደብረ ወርቅ መሪጌቶች ይህን ቢያዩ መሣቂያ ያደርጉናል።»

የትናየት ፊቷ በርበሬ መሰለ። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ስትሳለም ነው ያደገችው፤ እንዴት ሳታየው ቀረች? ሥራው አዲስ አበባ ሄደ ብላ ቆረጠች። ቢሆንም ላፕቶፗን እዚያው ሶፋው ላይ ከፍታ ስሙን በሙሉ ጥቁር አደረገችው። የለቅሶ ማስታወቂያ መሰለ። ተስፋ ቆርጣ መጽሐፉን ስታገላብጥ መጨረሻው ገጽ ላይ ለማሳተሚያው ገንዘብ የሰጠ የአንድ ምእመን ስም አገኘች፦ ገብረ ማርያም። «ገብረ» ጥቁር፣ «ማርያም» ቀይ።

«ሀብተ»ን እንደ ጠቆረ ትታ «ሥላሴ»ን አቀላችው፣ ስክሪኑንም ወደ ወይዘሮዋ አዞረች።

«እንዲህስ ቢሆን፣ እትዬ?»

ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ጠጋ ብለው አዩት። አሁን አልሳቁም።

«እሳቸውም ሰው ሆነው ቀሩ፣ ሥላሴም ከበሩ» አሉ በመጨረሻ። «ይሄው ይሁን። የእኔንም ስም እንዲሁ ጻፊና አስቀምጭልኝ፤ ስሞት መቃብሬ ላይ ይቀረጻል። ሥራውን ለሌላ ሰው አልሰጥም።»

የትናየት እንባዋን በእጇ ጠርጋ «ወለተ»ን በጥቁር፣ «ሥላሴ»ን በቀይ ጻፈች።