ጋሽ ሰይድና የአባቴ ምንሽር

ልጅ ሳለሁ፣ ጣልያን ሸዋ ሮቢት ላይ ድንኳኑን ተክሎ መንገድ በሚያስቆፍርበት ዘመን፣ በመንደራችን ጠመንጃ የሚለው ቃል ጮክ ተብሎ አይነገርም ነበር። መሣሪያ ደብቆ የተገኘ ሰው ቤቱ ይቃጠላል፣ እሱም ተወስዶ አይመለስም። ስለዚህ ሰዉ ጠመንጃውን «አሮጊቷ» ይላት ነበር። አሮጊቷ ጉሮሮዋን ዘጋት፣ አሮጊቷ ቆዳዋ ሻከረ፣ በምን እንቀባት፤ እንዲህ እየተባለ ነበር የሚጠየቀው። የሚጠየቁት ደግሞ ጋሽ ሰይድ ነበሩ።

ጋሽ ሰይድ ከማሽላ ማሳችን ማዶ የሚኖሩ የአርጎባ ሰው ናቸው። ከወረራው በፊት የአንድ ባላባት መሣሪያ ጠባቂ ሆነው ዕድሜያቸውን ጠመንጃ ሲወለውሉ ኖረዋል። የቀኝ እጃቸው አውራ ጣት ከዘይትና ከባሩድ ብዛት ጠቁሮ የቀረ ነበር። ምሽት ላይ፣ የመግሪብ ሶላታቸውን ሰግደው ሲያበቁ፣ ደጃፋቸው ላይ የማሽላ አገዳ ያነዱና ይቀመጣሉ፤ ከቤት ውስጥ የኩራዙ ብርሃን በበሩ ሾልኮ ትከሻቸው ላይ ያርፋል፤ እኛ የክርስቲያኑም የእስላሙም ልጆች ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን ዙሪያቸውን እንከባለን፤ ከኋላችን ደግሞ ጥያቄ ያለው ትልቅ ሰው ልጁን ሊጠራ የመጣ መስሎ ይቆማል።

ጋሽ ሰይድ ጥያቄውን በቀጥታ አይመልሱም ነበር። በተረት ነው የሚመልሱት። አንዱ «አሮጊቷን ከእሳት በላይ ብሰቅላት ይሻላታል?» ካለ፣ ሚስቱን ጭስ ላይ አስቀምጦ በጤና ያቆያት ስለመሰለው ሰው ይተርካሉ፤ የጭሱ ጥላሸት ከእርጥበት ጋር ተደባልቆ ውስጥ ውስጡን ሲበላት ሰውየው ደጁ ተቀምጦ ይዘፍን ነበር። ሌላው ዝናብ እንዳይገባባት አፏን በጨርቅ ልወትፈው ወይ ብሎ ሲጠይቅ፣ ጨርቁን ሳያወጣ ስለተኮሰና አፈሙዙ ፊቱ ላይ ስለፈነዳበት ሰው ይናገራሉ። እኛ ልጆቹ ያኔ ተረት ብቻ ነበር የምንሰማው። ከኋላችን የቆመው ሰው መልሱን ይዞ ይሄዳል።

አባቴ ከአያቴ የወረሰው ምንሽር ጠመንጃ ነበረው። ጎተራችን ሥር ተቀብሮ እንደሚኖር አውቃለሁ። ጎረቤታችን ለጣልያን ያደረ ባንዳ ስለነበር፣ የአያቴንም መሣሪያ ወሬ ስለሰማ፣ አባቴ ወደ ጋሽ ሰይድ ደጅ ዝር አይልም ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጠራኝና፣ አሮጊቷን በምን ይቀባት እንደሆነ ጠይቄ እንድመጣ ላከኝ።

«ወዴት እንደምሄድ ግን ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ» አለኝ።

ወዴት እንደሚሄድ እሱ አልነገረኝም፤ ተደብቄ ሰምቼ ነው። ከእናቴ ታናሽ ወንድም ከበቀለ ጋር፣ ከደብረ ሲና በላይ አርበኞቹ ወዳሉበት ብርዳማ ደጋ ሊወጡ ነበር። አጎቴ በቀለ ገና ጢሙ በቅጡ ያልበቀለ፣ የሮቢ ወንዝ ሲሞላ ትከሻው ላይ አድርጎ የሚያሻግረኝ፣ መሀል ወንዝ ላይ ሲደርስ የሚጥለኝ መስሎ የሚያስጮኸኝ ልጅ ነበር።

ጋሽ ሰይድ ቀንበር ሲጠርቡ ደረስኩ።

«ጋሼ፣ አባቴ ነው የላከኝ። አሮጊቷን በምን ልቀባት ይላል።»

«ወዴት ሊወስዳት ነው?» አሉኝ እጃቸውን ከሥራቸው ሳያነሱ። «ቦታውን ካላወቅሁ መልሱን አላውቀውም።»

አላውቅም ብል ይበቃኝ ነበር። ግን መልሱን ሳልይዝ መመለስ ፈራሁ፤ ምስጢር ጠባቂ መሆኔም ኩራት ኩራት ብሎኝ ነበር።

«ጀውሃ» አልኩ፣ እንደኛው ቆላ የሆነ አገር ጠርቼ። «አክስቴ ጋ ወስዶ ሊቀብራት ነው።»

ቀና ብለው አዩኝ። መጥረቢያው እጃቸው ላይ ቆሞ ረጅም ጊዜ አዩኝ። ያኔ ያመኑኝ መስሎኝ ነበር።

«እንግዲያው የበግ ላት ያቅልጥ» አሉ በመጨረሻ። «ውስጧንም ውጪዋንም፣ ጥይቱን እስከሚመታው መርፌ ድረስ፣ ሳይሰስት ይቀባት። የቆላ መሬት ብረት ይበላል። ላት ከጠጣች ዓመት ብትቀበር አትዝግም።»

ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ አደረስኩ። አባቴ ላቱን አቀለጠ። ሲቀባት አጠገቡ ተቀምጬ አይቻለሁ፤ ብረቷ በስቡ ስታብረቀርቅ ደስ ብሎት ፈገግ አለ። በማግስቱ እሱና አጎቴ ለቀብር የሚሄዱ መስለው ወጡ።

በአምስተኛው ቀን አባቴ ብቻውን ተመለሰ። ለእናቴ ሲነግራት ከጎተራው ጀርባ ሆኜ ሰማሁ። ጧት ነው፤ ውርጩ ሳሩን አንጥቶታል። አጎቴ ወደ መንገዱ ወርዶ የጣልያንን ካሚዮን መምጣት ሊያይ፣ አባቴ ከቋጥኝ ጀርባ ሆኖ ሊሸፍነው ተስማምተው ነበር። አንድ ባንዳ ከመታጠፊያው ብቅ ብሎ አጎቴ ላይ አነጣጠረ። አባቴ ቀድሞ ቃታውን ሳበ። ጠመንጃዋ ቀስ ብላ ቀጭ አለች፤ አልተኮሰችም። ደግሞ ሳበ፤ ደግሞም ቀጭ። በብርዱ ላቱ እንደ ሰም ረግቶ መርፌውን ይዞታል። አጎቴ ተመትቶ ሲወድቅ ወደ አባቴ ዞሮ እያየው ነበር አለ። ለምን እንደማይተኩስ አልገባውም። እናቴ አላለቀሰችም። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ነከሰችው፤ ጎረቤታችን ለቅሶ ከሰማ ይጠይቃልና።

አባቴ ከዚያ በኋላ የጎረቤታችንን የባንዳውን ዓይን መፍራት ተወ። በጠራራ ፀሐይ ጠመንጃዋን በአገዳ ነዶ ውስጥ ደብቆ ጋሽ ሰይድ ቤት ገባ፤ እኔም ተከተልኩት። እግሬ ለምን እንደወሰደኝ አላውቅም።

ጋሽ ሰይድ ጥይት እንደሌለባት አይተው ቃታዋን ሳቡ። ጠንከር ብላ፣ ጥርት ብላ መታች። በቆላው ሙቀት ላቱ መልሶ ቀልጦ ነበር። ደጋግመው ሳቡ፤ ደጋግማ መታች። ያ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

«ወዴት ይዘሃት ወጥተህ ነበር?» አሉት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ከደብረ ሲና በላይ።»

ያን ጊዜ ወደ እኔ ዞሩ። ጀውሃ አላለችኝም ወይ እስኪሉ ጠበቅሁ። ጋሽ ሰይድ ግን ዓይናቸውን መልሰው አባቴን አዩትና፣

«ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። «ቦታውን ሳልጠይቅ መለስኩልህ። ለደጋ ተወልውላ መድረቅ ነበረባት።»

አባቴ ጠመንጃዋን አንስቶ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አላናገራቸውም። እናቴም እሳት ሲጠፋባት ፍም ለመጫር ወደ እሳቸው ቤት መላኳን ትታ፣ ሁለት ማሳ አቋርጬ ከሌላ ሰው ቤት እንዳመጣ ታዘኝ ነበር። ሰዉ ነገሩን ሰማ፤ ጥያቄ ይዞ የሚመጣው ቀነሰ። እኔ አንድ ቃል አልተናገርኩም።

ከወራት በኋላ ሌሎቹ ልጆች ሲሄዱ እኔም ምሽት ላይ ተደብቄ ሄድኩ። ጋሽ ሰይድ ከስተዋል። ያን ምሽት አዲስ ተረት ተረኩ። መንገድ የሚያሳይ አንድ ሰው ነበር፤ መንገደኛውን ወዴት ነህ ሳይል መንገድ አሳየው፤ መንገደኛው ገደል ገባ። አንድ ልጅ፣ «መንገደኛውስ ለምን አልነገረውም?» ብሎ ጠየቀ።

«መንገደኛው ጥፋት የለበትም» አሉ ጋሽ ሰይድ ቆጣ ብለው። ሲቆጡ ሰምቻቸው አላውቅም ነበር። ፍሙን በእንጨት ቆስቁሰው፣ ተረቱን ሳይጨርሱ ተነስተው ገቡ።

ጣልያን ወጣ። አደግሁ፣ ካራቆሬ ተዳርኩ፣ ወለድኩ። አባቴ ሞተ። እሱን በቀበርን በሰልስቱ፣ ጋሽ ሰይድ አርጅተው አልጋ ላይ መዋላቸውን ሰምቼ ልጠይቃቸው ገባሁ። ዓይናቸው ጠፍቷል። በድምፄ አወቁኝ። አጠገባቸው ተቀመጥኩና ያን ሁሉ ዓመት አፌ ውስጥ የያዝኩትን ተናገርኩ። ጀውሃ ያልኩዎት ውሸቴን ነበር አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ።

ከተቀመጥኩበት ወደ እሳቸው ጠጋ አልኩ።

«ጀውሃ አክስት እንደሌለሽ አውቅ ነበር። እናትሽንም አባትሽንም ከነዘር ማንዘራቸው አውቃቸው የለም እንዴ። እያየሁሽ ነው የዋሸሽኝ።»

«ታዲያ ለምን?»

«በዚያ ሳምንት ጣልያኖቹ ሁለት ሰው ወስደው ነበር። አጥብቄ ብጠይቅሽ እውነቱን ትነግሪኝ ነበር። እውነቱን ካወቅሁ ደግሞ ሲገርፉኝ የምናገረው ይኖረኛል። ለደጋ እንዲህ፣ ለቆላ እንዲህ ብዬ ሁለቱንም ብልሽ፣ አውቄያለሁ ማለት ነው። ፈራሁ። በውሸትሽ ልክ መለስኩልሽ።» ቀጠሉና፣ «አላህ ይቅር ይበለኝ፤ አንቺን ግን አንድ ቀን መጥቼ አንቺ አይደለሽም ልልሽ ይገባኝ ነበር። እሱንም ፈራሁ» አሉ።

እጃቸውን ይዤ ብዙ ተቀመጥኩ። ከዚያ ስወጣ ቀለል ይለኛል ብዬ ነበር፤ አላለኝም። ጥፋቱ ለሁለት ሲከፈል ግማሽ የሚሆን መስሎኝ ነበር፤ እሳቸውም ሙሉውን፣ እኔም ሙሉውን ተሸክመን ኖረናል። አባቴ ደግሞ ጠመንጃዋን የቀባው እጅ የእሱ ነውና፣ የራሱን ይዞ መቃብር ገብቷል። እውነቱን ነግሬው ቢሆን ለአንድ ሌሊት እንኳ ደህና ይተኛ ነበር ይሆን፣ አላውቅም።

ዛሬ ሰው አንድ ነገር ሲጠይቀኝ ቶሎ አልመልስም። የመንገድ አቅጣጫም ይሁን የመድኃኒት፣ ከየት መጣህ፣ ወዴት ነህ፣ ማን ላከህ እያልኩ አስጨንቀዋለሁ። ልጆቼ፣ እናታችን ስታረጅ ነገር አበዛች እያሉ ይስቃሉ። ይሳቁ እላለሁ። ምክንያቱን ለአንዳቸውም አልነገርኳቸውም።