ስልኩን የሚጠርገው አናጢ

እኔ ሶፋ ሰፊ ነኝ፤ እሱ አናጢ። አሥራ ሦስት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ሠራን። እሱ እንጨቱን ያቆማል፣ እኔ ስፖንጅና ጨርቅ አለብሰዋለሁ። ጋሼ ነው የምለው። በእንጨት ሥራ የሚያህለው የለም፤ በስልክ ግን፣ አፌን ይቁረጠውና፣ ከእሱ የባሰ ሰው አላየሁም።

ጋሼ ሳይጠርግ የሚነካው ነገር የለም። ጠረጴዛውን፣ ሜትሩን፣ ሊቀመጥበት ያለውን ወንበር፣ ሁሉንም በመዳፉ ከላይ ወደ ታች ጠረግ ነው። አርባ ዓመት ሰጋቱራ ውስጥ የኖረ ሰው ምን ያድርግ?

የድሮው ባለ ቁልፍ ስልኩ እስካለ ድረስ ይሄ አመል ማንንም አልጎዳም። አረንጓዴዋን ተጫን፣ ሃሎ በል፣ አለቀ። ያ ስልክ ሲሞትበት ግን አንድ ሰፊ የሚያብለጨልጭ ስልክ ገዛ። ይሄኛው ቁልፍ የለውም። ሲጠራ አንዲት ክብ ነገር ብቅ ትላለች፤ ጣትህን አሳርፈህ ወደ ላይ ከሳብካት ይነሳል፣ ወደ ታች ከሳብካት የደዋዩ ጆሮ ላይ ይዘጋል። የሠራው ሰው ምን እንዳሰበ እንጃለት! እንግዲህ ስልኩ ሲጮህ ጋሼ ምን ያደርጋል? መጀመሪያ ይጠርገዋል።

"ይሄ ዕቃ ላነሳው ስል ለምንድነው የሚሞተው?" አለኝ በመጀመሪያው ሳምንት።

መንገር ነበረብኝ። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። እኔ ግን ቀልድ አማረኝ።

"አቧራ ነው ጋሼ። ዘመናዊ ስልክ አቧራ አይወድም፤ ደህና አድርገህ ጥረገው።"

አመነኝ። ከዚያ ወዲህ ጠረጋው ረጅምና የተጠነቀቀ ሆነ። ቫርኒሽ ቀቢዋ ሰማች፣ መስታወት ቆራጩም ሰማ፤ "አባ ጠራጊ" የሚል ስም ወጣለት። ሥራ ሲቀዘቅዝ ከጓሮ ደውለንለት ሲጠርግ እያየን እንስቅ ነበር። ደንበኞቹ ዘጋብን ብለው እየተቀየሙ ሲቀሩበት አይቻለሁ። ነገ እነግረዋለሁ፣ ከነገ ወዲያ እነግረዋለሁ ስል ሁለት ወር ሄደ።

ስለ ልጁ ልንገራችሁ። ያለችው አንዲት ሴት ልጅ ናት። እናቷ በጨቅላነቷ ሞታባት፣ ያደገችው እዚሁ በሥራ ጠረጴዛው ሥር ነው። ከአራት ዓመት በፊት እሱ ያልወደደውን ሹፌር አገባች። ጋሼ ሲቆጣ አያድርስ ነው፤ "ከዛሬ ጀምሮ አላውቅሽም" አላት፣ ሰው ሁሉ ፊት። ከተማውን ለቃ ሄደች፣ ስልክ ቁጥሯንም ቀየረች። ሳምንት ሳይሞላው ተጸጸተ፤ ግን የት ብሎ ይፈልጋት? የቀረው ተስፋ አንድ ነው፤ የእሱን ቁጥር ታውቀዋለች። ስለዚህ ስልኩን ሲለውጥ ቁጥሩን አልለወጠም። "አንድ ቀን ትደውላለች። ብሞት እንኳ ይቺን ቁጥር እንዳትዘጉብኝ" ይለኝ ነበር።

ማክሰኞ ከምሳ በፊት ነው። ጋሼ የቁም ሣጥን በር በብርጭቆ ወረቀት እያለሰለሰ ነበር። ስልኩ ጮኸ። ጠረገው፣ ዝም አለ። "ኤጭ!" አለ። ደግሞ ጮኸ። አሁን ባሰበት፤ በመዳፉ ቀስ አድርጎ እስከ ታች ጠረገው። ዝም አለ። እኔ ምስማር በከንፈሬ ይዤ ትከሻዬ በሳቅ ይንቀጠቀጣል። ለሦስተኛ ጊዜ ጮኸ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ተዘጋ።

ከዚያ መልእክት መጣ። ጋሼ ደቃቅ ጽሑፍ አይታየውም። "እስቲ አንብብልኝ" ብሎ ሰጠኝ።

"አባባ፣ እኔ ነኝ። መናኸሪያ ነኝ፤ አውቶብሱ ለአንድ ሰዓት ቆሞ ነበር፣ አሁን ሊነሳ ነው። ልጄን ላሳይህ ነበር። ሦስቴ ዘጋህብኝ። ገብቶኛል።"

መናኸሪያው በእግር አሥር ደቂቃ ነው። የስድሳ ስድስት ዓመት ሰው ሽርጡን እንደታጠቀ ሮጠ፤ እኔም ከኋላው። ስንደርስ አውቶብሱ የለም።

"ሕፃን የያዘች ሴት አይተሃል?" አለው ትኬት ቆራጩን።

"ሕፃን ያልያዘች ማን አለች አባቴ?"

ደወልንላት፤ አታነሳም። ጋሼ የመናኸሪያው አግዳሚ ላይ ዘፍ አለ።

"ጻፍላት" አለኝ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። "አንተ ስልክ ታውቃለህ። እንዳልዘጋሁባት፣ የሆነውን ጻፍላት።"

የሆነውን! የሆነውን ከጻፍኩ አንብብልኝ ሊለኝ ነው። ካነበብኩለት ደግሞ ሁለት ወር ሙሉ ስጫወትበት እንደነበር ሊያውቅ ነው። ፈራሁ። ፊቱን ማየት ፈራሁ። "አልዘጋሁም፣ ኔትወርክ ነው" ብዬ ላክሁ።

አፈር ልብላ! ያቺ ልጅ እኮ ያን እጅ ከማናችንም በላይ ታውቀዋለች። "አባትሽ አቧራ ሲጠርግ ተዘጋበት" ብላት ኖሮ ከት ብላ ትስቅ ነበር። ታምነኝ ነበር።

መልሱ ወዲያው መጣ። "ኔትወርክ ሦስቴ አይዘጋም። ክፉ ነበርክ እንጂ ውሸታም አልነበርክም። በቃ።" ከዚያ በኋላ ብንደውልም መስመሩ አልገባ አለ።

"ምን አለች?" አለኝ ጋሼ።

"ገብቶኛል አለች። ስመለስ ልጄን ይዤ እመጣለሁ ብላለች።"

ፊቱ ሲበራ ብታዩት! እጄን ይዞ ሳመኝ፣ እኔን!

ይኸው አምስት ወር ሞላው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነውና የስልኩን አነሳስ አስተማርኩት፤ አሠራሩን ቀይረውታል አልኩት። አሁን አንድም ጥሪ አያመልጠውም፤ ደንበኞቹም ተመልሰዋል። በየመሐሉ ከጥሩ እንጨት ትራፊ ትንሽ አልጋ እየሠራ ነው። የልጅ ልጁ ወንድ ይሁን ሴት እንኳ አያውቅም። ትናንት ሜትሩን ይዞ መጣ።

"አንተ ወላጅ ነህ፤ የትንንሽ ልጆች ቁመት እስከ የት ይደርሳል?"

በእጄ፣ እስከዚህ ብዬ አሳየሁት። በሜትሩ ለካና ጻፈው።