ፀሐይ የለካው እንግዳ

አንተ ልጅ፣ መስታወትህን ከፀሐይ መልሰው፤ ዓይኔን ወጋኝ። የዚያ ኸዋጃ፣ የነጩ ሰውዬ መነጽርም እንዲህ ያበራ ነበር።

ያኔ ኩርሙክ፣ መንደራችን ውስጥ ትንሽ ልጅ ነኝ። ሰውዬው መነጽሩን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ አቁሞ በቀትር ፀሐይን ይለካል።

"ምን ጠፍቶት ነው?" አለ አባቴ።

"የት እንዳለ ሊያውቅ ነው" አለ አብሮት የመጣው አስተርጓሚ።

አባቴ አዘነለት። "ወላሂ ምስኪን! መንገድ የጠፋው የአላህ እንግዳ ነው።" ቤት አስገብቶ ገንፎ አበላው። ኮረብታ ላይ አውጥቶ ወንዙን፣ ማዶ ያለውን የአክስቴን ቤት፣ ሁሉን በጣቱ አሳየው።

ሰውዬው ሄደ። በኋላ ወታደር መጥቶ ወንዙ ላይ ቆመ። "ኸዋጃው ድንበር ለክቷል። ማዶው የሌላ መንግሥት ነው፤ አትሻገሩም" አለን።

አክስቴ ከማዶ ሆና አባቴን በስሙ ትጠራዋለች። እሱ ወንዙ ዳር ቁጭ ብሎ "እኔ እኮ አበላሁት" ይላል።

በል ልጄ፣ መስታወቱን ደፋ አድርገው።