የፒክአፗ አደራ

ቅናተኛ ነኝ። ሌላው ሰው «ትንሽ ቅር ብሎኝ ነው» ይላል፤ እኔ ግን ቅር አይለኝም፣ እርር ድብን ነው የምለው። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «አንቺ ልጅ፣ ጥላሽም ቢቀድምሽ ትቀኛለሽ» ትለኝ ነበር። ስለዚህ ይህን የማወራው ደግ ሰው ነኝ ብዬ አይደለም።

ባሌ ሹፌር ነው። ያለችው ንብረት አንዲት አሮጌ የቤንዚን ፒክአፕ ናት። ከቀወት ገበሬዎች ማሾና ሽንኩርት እየጫነ ሸዋ ሮቢት ያራግፍባት ነበር። ያ ክፉ ጊዜ መጥቶ ታጣቂ ያገኘውን መኪና እየነዳ ይሄዳል ሲባል፣ ገጠር ወስዶ አጎቱ ግቢ አስገባትና የማሽላ አገዳ ከመረባት። የእኛ አገር ሹፌሮች በዚያ ሰሞን አንድ ዘዴ ነበራቸው። መኪና ሲደብቁ ከሞተሩ አንዲት ዕቃ ነቅለው ሌላ ቤት አደራ ያስቀምጣሉ፤ መኪናዋ ብትገኝ እንኳ እንዳትነሳ። ዕቃዋ መቼም ባለመኪናው ቤት አትቀመጥም፤ ፍተሻ ሲመጣ መጀመሪያ የሚገባው እዚያ ነዋ። እኔም ይህን ስለማውቅ ዕቃዋ አጎቱ ጋ ያለች መስሎኝ ጠይቄው አላውቅም።

ነገሩ ከበረደም በኋላ ፒክአፗ እዚያው ቀረች። መንገዱ ዛሬ ተከፈተ ሲባል ነገ ይዘጋል፣ ቤንዚን ይጠፋል፣ እሱም በሰው አይሱዙ ተቀጥሮ ይሠራል። እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመታት አለፉ። ዘንድሮ አንድ ቅዳሜ ከምሳ ተነሳና «በቃ፣ አስነሳታለሁ» አለ።

አገዳው ሲነሳ የታየው ጉድ! አይጥ የወንበሩን ስፖንጅ ጎልጉላ ወልዳበታለች። ዶሮዎቹ ከኋላ መጫኛው ላይ እንቁላል ሲጥሉ ከርመዋል። ጎማዎቹ መሬት ላይ ተኝተዋል። ከሮቢት ይዘነው የሄድነው መካኒክ የከረመውን ቤንዚን ቀድቶ ደፍቶ አዲስ ሞላ፣ ጎማዎቹን ነፋ፣ አይጥ የበላችውን ሽቦ ቀጠለ፣ ካንዴላዎቹን በብርጭቆ ወረቀት ፈተገ፣ አዲስ ባትሪ አሰረ። የቀወት ፀሐይ ደግሞ አናት ትበሳለች። ውኃ የማቀብል እኔ፣ መፍቻ የማቀብል እኔ፣ የአይጥ ጎጆ በእጄ የምጠርግ እኔ። ቀሚሴ ግሪስ በግሪስ ሆነ። ደስ ብሎኝ ነበር እኮ! መኪናዋ የሁለታችን የሆነች መስሎኝ ነበር።

መካኒኩ አንዲት ክዳን ከፈተና ቀና አለ። «ለካንዴላዎቹ እሳት የምታከፋፍለዋ ዕቃ የለችም። ለዚህ ሞዴል ደግሞ አዲስ አበባም በቀላሉ አትገኝ» አለ።

ባሌ ሳቀ። «አለች። ከደህና ሰው እጅ ናት» አለና ስልኩን አወጣ።

«ማን ጋ ናት?» አልኩት።

«እ... እሷ ጋ።»

በእኛ ቤት «እሷ» የምትባል ሴት አንዲት ብቻ ናት። የመጀመሪያ ሚስቱ። እኔ ከመምጣቴ በፊት ነው የተፋቱት። መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ አላት፤ ስንገናኝ በዕድሜ ስለምትበልጠኝ «እትዬ» እላታለሁ፣ ለአፌ ያህል። ጣውንቴ እንኳ ብትሆን ይሻል ነበር፤ ጣውንትን በግልጽ ይጣሏታል።

በባጃጅ መጣች። ነጠላዋ ነጭ፣ ጫማዋ ጽዱ። እኔ እዚያ ጥላሸት የነካት ድመት መስዬ ቆሜያለሁ። ከጉያዋ ቋጠሮ አወጣችና ፈታችው። አውራ ጣት የምታክል ጥቁር ፕላስቲክ፣ በቫዝሊን ተለውሳ፣ ትናንት ከፋብሪካ የወጣች መስላ! በዚያ ሁሉ ስደትና ግርግር ይህችን ነገር በጉያዋ ይዛት ዞራለች። ቆሽቴ አረረ።

በዚህ ብቻ ብታበቃ ምን አለበት? መካኒኩ ገጥሞ ሲጨርስ፣ ባሌ መሪው ላይ ተቀምጦ ቢሞክር ቢሞክር ሞተሩ አልነሳ አለ። እሷ በመስኮቱ በኩል ጠጋ ብላ «አታጣድፋት። ቤንዚኑን ሁለቴ ርገጥና ተዋት፤ ስትቸኩልባት እኮ ታኮርፋለች» አለችው። ሁለቴ ረገጠ፣ ተዋት፣ ቁልፉን አዞረ። መኪናዋ ጥቁር ጭሷን ተፍታ ተነሳች። የአጎቱ ሚስት እልልታዋን አቀለጠችው። እኔም እልል አልኩ፤ ሰው ያያላ።

ከዚያ ሮጬ ጋቢና ገባሁ። ከአጠገቡ ሌላ ሰው ሲቀመጥ ከማይ ብሞት ይሻለኛል። እሷ ግን ዞር ብላም አላየችው። «ባጃጁ እየጠበቀኝ ነው፣ እናንተ ሂዱ» አለችና በመስኮቱ እጇን አስገብታ ጉንጬን ነካ አደረገችኝ። «እንኳን ደስ ያለሽ፣ እህቴ።» ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ለስድብ መልስ አላጣም።

ማታ እራት ቀርቦ እጄን ሰበሰብኩ። ኩርፊያዬን ያውቃል። «ምነው?» አለ።

«ለምን ለእሷ ሰጠሃት?»

«ከእኛ ቤት አትቀመጥማ።»

«እሱን አላጣሁትም። አጎትህ የለም? እህትህ የለችም?»

«አጎቴ ይፈራል። እህቴ ታወራለች።»

«እሷስ?»

«እሷ ቢገድሏትም አትናገርም» አለ። ወጡ ጨው አንሶታል እንደሚል ሰው ቀለል አድርጎ ነው ያለው፤ ጉርሻውንም አላቋረጠ።

«እኔስ?»

ይሄኔ ሳቀ። «አንቺማ የእኔ ቆንጆ፣ ዱላው ሳይነሳ ታለቅሻለሽ። ምን ብዬ አስጨንቅሻለሁ? አንቺ ምንም እንዳታውቂ ብዬ ነው የደበቅኩሽ።»

ሌላ ሴት ብትሆን ደስ ይላት ነበር። እኔን ከዱላ አሽሽቶ እሷን ነው ለዱላ የተዋት፤ ይህ ፍቅር አይደለም እንዴ? ነው። ለእኔ ይሳሳልኛል። እሷን ግን ያምናታል። ያን ምሽት ዕቃ ሳጥብ ያወቅኩት ይህን ነው፦ የሚሳሳልኝን ሁሉ ሰብስባ ትውሰደውና ያንን እምነቱን ትስጠኝ።

ከዚያ ወዲህ መኪናዋ የቤቱን ጓዳ ሞላች። ጭነት ተገኘ፣ ጣሪያው ታደሰ፣ ልብስ ተገዛልኝ። እኔ ግን ሞተሯ በተነሳ ቁጥር «ስትቸኩልባት ታኮርፋለች» የሚለው ድምፅ ጆሮዬ ላይ ይጮህብኛል። ባሌም በየጠዋቱ ሁለቴ ረግጦ ይጠብቃል። እንዲያ የሚያደርገው ለሞተሩ ነው፤ አውቃለሁ፤ ግን ሆዴ አይሰማም።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ አጣዬ በኩል ነገር አለ የሚል ወሬ መጣ። እንዲህ ያለ ወሬ እኛ ዘንድ እውነት ይሁን ሐሰት ተብሎ አይጠየቅም፤ ሰው ዕቃውን ነው የሚሰበስብ። ባሌም «ጠዋት ያቺን ዕቃ ነቅዬ አስቀምጣታለሁ» አለ። ማን ጋ እንደሚያስቀምጣት መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ጎህ ሲቀድ ቀድሜው ተነሳሁ። ፒክአፗ ከአጥሩ ውጭ ቆማለች፤ ኮፈኗ መቆለፊያ ስለሌላት በገመድ ነው የምትታሰረው። ፈታሁት። መካኒኩ ሲሠራ ከአጠገቡ ቆሜ ስላየሁ ክዳኗን የያዙትን ሁለት ሽቦዎች ለቀቅኩ፣ ዕቃዋን መዝዤ አወጣሁ፣ ሁሉንም እንደነበረ መለስኩ። በጨርቅ ቋጥሬ ጡቴ ሥር ሸጎጥኳት። ከዚያ በር ላይ ቁጭ ብዬ ማሾ መልቀም ጀመርኩ። ይመጣል፣ ያጣታል፣ «የት ሄደች?» ይለኛል፤ እኔም ረጋ ብዬ «እኔ ጋ ናት፣ ብገደልም አልናገር» እለዋለሁ። ፊቱን ማየት ነበር የፈለግኩት።

መጣ። ኮፈኑን ከፈተ፣ ክዳኗን አነሳ፣ ጎንበስ ብሎ አየ። ደነገጠ። እኔ ሳቄ እንዳያመልጠኝ ከንፈሬን ነክሼ ማሾዬ ላይ አቀረቀርኩ።

ወዲያው ፊቱ በራ።

«አይ እሷ!» አለ፣ ጭኑን መታ አድርጎ። «ቤተ ክርስቲያን ልትስም በዚህ ስታልፍ ነቅላት ሄደች ማለት ነው። ወሬውን ሰምታ ነዋ! እኔ ተኝቼ እሷ መኪናዬን ትጠብቃለች። እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል?»

አፌን ከፈትኩ። እጄን ወደ ቋጠሮዋ ሰደድኩ።

«ሮጥ ብዬ አመስግኛት ልምጣ» አለና ኮፈኑን በገመዱ አሰረ። ባጃጅ አስቆመ። ማሾውን ከእግሬ ሥር ተራምዶት ነው የሄደ፤ ዓይኑ አንዴ እንኳ ወደ እኔ አልመጣም።