ቡሬ ገበያ በር ላይ የዞረችው ብረት

ጣሊያን ቡሬን ይዞ በተቀመጠበት ዘመን፣ በሁዳዴ፣ ልጅ አንቆ የሚገድል የጉሮሮ በሽታ ገባብን። ጣሊያኖቹም «ጉሮሮው ያልታየ ገበያ አይገባም» ብለው አወጁ። ጨው አልቆብኝ ስለነበር ትንሿን ልጄን አዝዬ ከጎረቤቴና ከልጇ ጋር ሄድኩ። የእሷ ልጅ ያን ዓመት ጾም ጀምሮ ነበርና «እኔኮ እንደ ትልቅ ሰው እጾማለሁ» እያለ መንገዱን ሙሉ አደነቆረን።

የገበያው በር ላይ ሐኪም ተብዬው ቆሟል። ድንቄም ሐኪም! አፍንጫውንና አፉን በነጭ ጨርቅ ሸብቧል፣ ዓይኑን በመነጽር ከልሏል፣ እጁን በጓንት እስከ ክርኑ ሸፍኗል። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ! ለእኛ ያመጣት ግን አንዲት ምላስ መጫኛ ብረት ናት። ከአንዱ አፍ ያወጣትን በእድፋም ጨርቅ ጠረግ አድርጎ ሌላው አፍ ይከታታል። እኛ አገር የታመመች በቅሎን ልጓም እንኳ ሳያጥቡ ለሌላዋ አያጎርሱም።

ከፊታችን የነበረው ልጅ ትንፋሹ ይሸታል። ብረቷ ስትገባበት አስሎ ደምና መግል ተፋ። ሐኪሙ ወደ ኋላ ዘለለ፣ የራሱን መሸበቢያ አጠበቀ፣ ብረቷን ጠረገና የጎረቤቴን ልጅ ጠራ። «ኧረ በሽታው ይጋባል፣ እጠቧት!» ብዬ ጮህኩ። አስተርጓሚው፣ ያው የእኛው ሰው፣ ሳቀብኝ። «አንቺ ነሽ ዶቶሬን የምታስተምሪው?» ጎረቤቴም ክንዴን ቆንጥጣ «ዝም በይ እቴ፣ ታስጨርሽናለሽ!» አለችና የልጇን አፍ በገዛ እጇ አስከፈተች።

ተራው የእኔ ልጅ ሲሆን ደሜ ፈላ። በሽታ ብል የሚሰማኝ የለም። ወደ ሰልፉ ዞሬ «እናንተ ሰዎች፣ ይህች ብረት ወታደሮቹ ሥጋ የሚበሉባት ናት! ጾማችንን ሊያስገድፉን ነው!» አልኩ። ውሸቴን ነበር። ሰልፉ ግን እንደ ንብ ተነሣ። ለሞት አፉን ከፍቶ የቆመ ሕዝብ ለሥጋ ሽታ ዱላውን ጨበጠ። ወይ የእኛ ነገር! ሐኪሙ ዙሪያው ሁሉ አርበኛ መሆኑን ያውቃልና ፈራ፤ እየተሳደበ ብረቷን በፈላ ውሃ አስቀቀላት። የእኔ ልጅ የታየችው ከዚያ በኋላ ነው።

የጎረቤቴ ልጅ ብዙም ሳይቆይ ጉሮሮው ተዘግቶ ሞተ። ያ ሐኪም በመንደራችን ሲያልፍ በአስተርጓሚው አፍ «በሽታውን ያመጣው ቆሻሻነታችሁ ነው» አለን። አለማፈሩ!

ከቀብሩ በኋላ ጎረቤቴ እኔ ዘንድ መጣች። እንቅልፍ ያሳጣት ሌላ ነገር ኖሯል።

«እውነት ያቺ ብረት ሥጋ ነክቷት ነበር? ልጄ ጾሙን ገድፎ ነው የሞተው?» አለችኝ።

ከሐኪሙ ይልቅ በእሷ ተናደድኩ፤ አሳዘነችኝም። «ሥጋ የሚባል አልነካትም፤ ዋሽቼ ነው» አልኳት።

ፊቷ በራ። «ተመስገን!» ብላ አማተበች። ለመሄድ ተነሣችና በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለች።

«እንግዲያስ ልጄን ምን ገደለብኝ?»