በጋቢ የተጠቀለለው ጊታር

ባለፈው ሰሞን ባሕር ዳር ታክሲ ስጠብቅ አንዲት ኮረዳ ጥቁር የጊታር ቦርሳ በጀርባዋ አንግታ መጥታ ከኋላዬ ተሰለፈች። የዕቃው አንገት ከትከሻዋ በላይ ተመዝዞ ይታያል። እኔ ሽበታሙ ሰውዬ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ዘወር ስል አየሁትና ደንግጬ መንገድ ለቀቅሁላት፤ ባርኔጣዬንም አነሳሁላት። ልጅቱ በሳቅ ፈረሰች። «አባባ፣ ጊታር እኮ ነው!» አለችኝ። መሆኑንማ አውቃለሁ። አገሩ ሁሉ ጠመንጃ ነው ሲል፣ ጊታር መሆኑን በከተማችን የምናውቀው እኔና እናቴ ብቻ የነበርንበት ዘመን ነበር።

ልጅ እያለሁ፣ በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ አካባቢ፣ ቢቸና ዱላ የማይጠፋባት ከተማ ነበረች። እኩዮቼ ታስታውሱታላችሁ። በቄስ ትምህርት ቤት በአለንጋ፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት በአርጩሜ፣ ቤት ስንገባ ደግሞ እጅ በገባው ነገር እንገረፍ ነበር። ጨዋታችን ራሱ ድብድብ ነው። ለገና ሩር ስንመታ ውለን ግንባሩ ሳይፈነከት ወደ ቤቱ የሚገባ ልጅ «ዛሬ አልተጫወትህም እንዴ?» ይባላል። ቁስላችን ላይ የሚነሰነሰው የቡና ዱቄት ሽታ እስካሁን ካፍንጫዬ አልወጣም።

አባቴን የገደለው ቢያዝን የሚባል ጎረቤታችን ነው። በእርሻ ድንበር ተጣሉና፣ አባቴ እጁን ከእርፉ ላይ ሳያነሳ ቢያዝን ተኩሶ ጣለው። እኔ ያኔ ጥርሴን ገና የምነቅል ልጅ ነበርሁ። በሬዎቹ ቀንበራቸውን እንደተሸከሙ፣ ማረሻውን እየጎተቱ፣ ብቻቸውን ወደ ቤት ሲመጡ አይቻለሁ። ቢያዝን ታሰረ፤ ከዓመታት በኋላ በምሕረት ተፈታና ተመልሶ ያንኑ መሬት ማረስ ጀመረ። መንግሥት የራሱን ጨርሷል። በኛ አገር ግን እስር የመንግሥት ነው፣ ደም የቤተሰብ ነው።

እናቴ ጥይት የበሳውን የአባቴን ኮት ከነደሙ ከምሰሶው ላይ ሰቅላ በየፋሲካው እያወረደች ታሳየኝ ነበር። ስትፈትልም እንዲህ ትላለች፦

«ወንድ ልጅ ወልጄ ለምን አለቅሳለሁ፣
ደመኛዬ ሲያርስ ቁሜ እያየሁ አለሁ።»

ይህን እየሰማ ያደገ ልጅ ምን እንቅልፍ አለው? ትምህርት ቤት ስሄድ ደግሞ ልጆቹ «የአባትህ ደም ደመ ከልብ ሆኖ ቀረ» ይሉኛል። እደበድባቸዋለሁ፤ ተሰብስበው ይደበድቡኛል። እንዲህም ሆኖ ፈሪ ነበርሁ። ዛሬ ማንን አፍራለሁ፣ ፈሪ ነበርሁ! ዶሮ ሲታረድ እንኳ ዓይኔን እጨፍናለሁ። እናቴ ይህን ታውቃለች፤ «የፈሪ እናት አታለቅስም ይላሉ፣ እኔ ግን ፈሪ ወልጄም አለቅሳለሁ» ትለኝ ነበር።

ከዚህ ሁሉ የማመልጥበት አንድ ቦታ ነበረኝ። ሒሳብ የሚያስተምረን ፈረንጅ ነበር፤ «ሚስተር» ነበር የምንለው። አመሻሽ ላይ ከቤቱ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ጊታር ይመታል። ክራርማ አውቃለሁ፤ ይኼ ግን ትልቅ ሆድ ያለው፣ ሲመቱት ቀስ ብሎ የሚያጉረመርም ሌላ ነገር ነው። አንድ ቀን ጣቶቼን አንድ በአንድ ይዞ ሽቦዎቹ ላይ አስቀመጠልኝና «ምታው» አለኝ። መታሁት። ድምፁ ደረቴ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ያን ቀን ጣቶቼ ጫፍ ላይ የቀረውን የሽቦ ሰንበር እያየሁ እራት ሳልበላ ተኛሁ። ዓመቱ ሲያልቅ ሚስተር ወደ ሞጣ ተዛወረ፤ እኔም ተመልሼ ወደ ድብድቤ ገባሁ።

ጢሜ ማቀንቀን ሲጀምር እናቴ ወይፈናችንን ሸጠች። ብሩን በጨርቅ ቋጥራ ወገቤ ላይ አሰረችልኝ። «ሞጣ፣ ሐጂ ሰይድ ዘንድ ሂድ። የአባትህ ወዳጅ ናቸው፤ ጠመንጃ ከሚሸጥ ሰው ያገናኙሃል። ጠመንጃ ሳትይዝ ይህን ደጅ እንዳትረግጥ» አለችኝ። ሳትስመኝ ገፋ አድርጋ ሸኘችኝ።

የሐጂ ሰይድ ሱቅ የአዲስ አቡጀዲ፣ የላምባና የቅርንፉድ ሽታ ተቀላቅሎበት ነበር። ጠመንጃ ሻጩን ሰው ልከው እስኪያስጠሩልኝ ቁጭ ባልሁበት ቀና ብል፣ የሚስተር ጊታር ከፋኖሶቹ መካከል ተሰቅሏል! ወዳገሩ ሲመለስ ሸጦላቸው ኖሯል። ማን ይግዛው? ገበያተኛው ከበሮ ነው ወይስ የእህል መስፈሪያ እያለ ይሳለቅበታል። ለምኜ አስወረድሁት። አንድ ሽቦው ተበጥሷል፣ የቀሩትም ላልተዋል። ጣቶቼን ሚስተር እንዳሳየኝ አስቀምጬ ብመታው የተንሻፈፈ ድምፅ አወጣ፤ እኔ ግን ዕንባዬ መጣ። ሐጂ አዩኝና «ልጄ፣ ይኼኛው ሰው አይገድልም» አሉኝ።

«ለዚህ ነው የምፈልገው» አልኋቸው።

«እናትህንስ ምን ልትላት ነው?»

እሱን አላሰብሁበትም። ጠመንጃ ሻጩ ሲመጣ እኔ ሄጃለሁ። በተረፈው ብር ለእናቴ ነጠላ ገዛሁላት፤ ጉቦ መሆኑ ነው እንግዲህ።

ጊታር መሸከም ግን እንደ መግዛቱ አይቀልም። ገልጬው ብሄድ አዝማሪ ልባል ነው፤ በዚያ ዘመን በኛ ቤት ደግሞ አዝማሪ ከመባል ሌባ መባል ይሻል ነበር። ስለዚህ በጋቢዬ ጠቀለልሁት። ሆዱን ከጀርባዬ ስንቅ የያዘ ስልቻ አስመስዬ አነገትሁት፤ አንገቱ ከትከሻዬ በላይ ብቅ አለ። ከሞጣ ስወጣ ጀምሮ ሰው መንገድ ይለቅልኝ ጀመር። ሽማግሌዎች ቀድመው «እንደምን ዋልህ» ይሉኛል። በኛ አገር የተጠቀለለ ጠመንጃ ለማን እንደተገዛ አይጠየቅም፤ ነውር ነው። ደብረ ወርቅ ባደርሁበት ቤት አባወራው መደባቸውን ለቀውልኝ እሳቸው መሬት ላይ ተኙ። ምን ተሸክሜ እንደምሄድ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ጊታር ነው ብዬ ልናገር አልሁና ተውሁት። ደስ አለኛ! ከተወለድሁ ጀምሮ እንደዚያ ተከብሬ አላውቅም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለውን ረሳሁት። እዚያው ያደሩ የቢቸና ነጋዴዎች ገና ጎህ ሲቀድ አህያቸውን ነድተው ቀደሙኝ፤ ቢቸና ገብተውም «የሟቹ ልጅ ታጥቆ እየመጣ ነው» ብለው አወሩ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከቢቸና በታች ያለውን ወንዝ ልሻገር ስወርድ ተኩስ ጮኸ። ጆሮዬ ሥር የሆነ ነገር አፏጨና በደረቴ ወደቅሁ። ቀና ስል ቢያዝን ከማዶ ቁጥቋጦ ሥር ተነስቷል። አሮጌ ውጅግራውን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ይታገላል፤ አንድ ጥይት ብቻ የምትጎርስ ጠመንጃ ናት፣ የተኮሰው ጥይት ቀለህ ውስጧ ነክሶባታል። ቀለሁን ካወጣው መሞቴ ነው። የዚያን ጊዜ ያደረግሁትን ዛሬም ሳስበው ላብ ያጠምቀኛል። ጥቅሉን ከጀርባዬ አወረድሁና አንገቱን ወደ ቢያዝን አነጣጠርሁ።

ቢያዝን አየኝ። ቀለሁን መታገሉን ተወ። ቀስ ብሎ ቆመና በአንድ እጁ ደረቱን ገለጠ። «ተኩስ! የአባትህ ልጅ ከሆንህ ተኩስ!» ብሎ ጮኸ። በምን ልተኩስ! ጋቢው ውስጥ ሽቦዎቹ ሲንቀጠቀጡ በእጄ ይሰማኛል። ቢሮጥ እሮጣለሁ፤ አይሮጥም። እንደዚያ ስንተያይ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ድምፅ «ሂድ» ሲል ሰማሁ። የራሴ ድምፅ ነው። ቢያዝን ተንበርክኮ መሬት ሳመ፤ ከዚያም ውጅግራውን እየጎተተ ወደ ኋላው እያየ ሄደ።

እናቴ ተኩሱን ሰምታ ደጅ ቆማ ነበር። «ገደልኸው?» የመጀመሪያ ቃሏ ይኼ ነው። ጥቅሉን ነጥቃ ፈታችው። ኧረ የዚያን ዕለት! ጊታሩን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ የማገዶ ፍልጥ አነሳች። ጀርባዬን፣ ክንዴን፣ ያገኘችውን ቦታ ትለኝ ጀመር። «ወይፈኔን ሸጬ አዝማሪ ልግዛ! አባትህን ሁለተኛ ገደልኸው!» ነጠላውን ብሰጣት ፊቴ ላይ ወረወረችው። አፍንጫዬ ደማ። እኔን ስትጨርስ ጊታሩን ልትሰብር ዞረች፤ እግሯ ጋቢው ላይ ተጠላለፈባት። ከመንገዷ ልትወረውረው ስታነሳው ጣቷ ቀዳዳ ውስጥ ገባ። ከአንገቴ አጠገብ ያረፈው የጋቢው ክፍል ነበር። ጣቷን አውጥታ አየችው፤ ደግሞ አስገባችው። አሽተተችው። ያን የባሩድ ሽታ ከአባቴ ኮት ታውቀዋለች። ፍልጡ ከእጇ ወደቀ።

«ላስገድልህ ነው የላክሁህ» አለች። «እኔ ነኝ የላክሁህ። አንድ ልጄን እኔ ነኝ የላክሁት።» አባቴ የሞተ ዕለት እንኳ እንደዚያ ስታለቅስ አላየኋትም። የሰበረችብኝን ክንድ እያሸች አደረች።

በማግስቱ ጠዋት ውሻችን ጮኸ። ቄሶች መስቀል ይዘው፣ ሽማግሌዎች ተከትለው፣ በመካከላቸው ቢያዝን ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ አጎንብሶ መጣ። በኛ አገር በደለኛ ምሕረት ሲለምን እንዲህ ነው። ፊቱን አፈር ላይ ደፍቶ «እመቤቴ፣ ልጅሽ ሊገድለኝ ሲችል ማረኝ» አላት። «እኔ አድፍጬ ተኮስሁበት፤ እሱ አነጣጥሮብኝ ተወኝ። ከዛሬ ጀምሮ አርሼ የማበላችሁ አሽከራችሁ ነኝ።» ሰዎቹ ሁሉ እኔን እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

ከሽማግሌዎቹ ታላቁ «እንግዲህ እርቁ እንዲጸና የሁለቱም ጠመንጃ ይጋደም፤ ተሻግረው ይማሉ» አሉ። ጠመንጃ ተሻግሮ የማለ ሰው መሐላውን ቢያፈርስ በዚያው ጠመንጃ ይሞታል ይባላል። ጋቢው ቢፈታ ቢያዝን በአገር ፊት በእንጨት የተማረከ ሰው ሊሆን ነው። እንዲህ ያለ ውርደት ደግሞ በኛ አገር በደም ካልሆነ አይታጠብም፤ ያውም እዚያው፣ ሳይመሽ።

እናቴ ወደ ጓዳ ገባች። ስትመለስ ጊታሩን መልሳ ጠቅልላዋለች። በራሷ መቀነት ከላይ እስከ ታች ጠፍራው፣ ሆዱ ላይ ስልቻ ደርባ አስራበታለች። «ከነጥይቱ ነው» አለች፤ ፊቷ ላይ አንድ ጅማት አልተንቀሳቀሰም። «ያሰርሁት እኔ ነኝ። የባሌን ደም ትቼላችኋለሁ። ይህን ቋጠሮ ግን እኔም ቢያዝንም በሕይወት እያለን የሚፈታ ቢኖር እረግመዋለሁ።» ጥቅሉን ራሷ ከውጅግራው ጎን አጋደመችው። ቢያዝን ተሻገረ። እኔም የተሰበረ ክንዴን አቅፌ ተሻገርሁ። ከዚያ እናቴ የአባቴን ኮት ከምሰሶው አውርዳ ለቄሱ ሰጠችና «ቅበሩልኝ» አለቻቸው።

ቢያዝን ቃሉን ጠበቀ፤ መሬታችንን አርሶ፣ አጭዶ፣ ወቅቶ ያስገባልን ነበር። በዓል ሲሆን ይመጣና ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ጥቅል ሥር ይቀመጣል፤ ጠላውን ከመቅመሱ በፊት ቀና ብሎ ያየዋል። ቢቸና ላይ ደመ ከልብ ያለኝ ሰው ከዚያ ወዲህ የለም። ለትምህርት ደብረ ማርቆስ ልሄድ ስል እናቴን ለመንኋት፤ ይዤው ልሂድ፣ እዚያ ማንም አያውቀኝም አልኋት። «ልጄ፣ ጠመንጃ ሆኖ ነፍስ አትርፏል። አሁን ጊታር ካደረግኸው ነፍስ ያጠፋል» አለችኝ። ትቼው ሄድሁ። እናቴም ቢያዝንም ካለፉ በኋላ ቢቸና ሄጄ ቋጠሮውን ስፈታው፣ ምስጥ በልቶት እንጨቱ ዱቄት ሆኗል።

ዛሬ ልጆች ጊታራቸውን በአደባባይ ይዘው ይሄዳሉ፤ ከስልካቸው ላይ እያዩ በሳምንት ዘፈን ይለምዳሉ። እናትም ልጇ ሲጫወት በስልኳ ቀርጻ ለጎረቤት ታሳያለች። እሰይ፣ ደግ ዘመን ነው፤ በዚህስ ቀናሁባቸው። ታሪኬን የነገርሁት ሰው ሁሉ «እንዴት ያለ የተባረከ ጊታር ነው፣ ሁለት ቤት ያዳነ!» ይለኛል። እኔም «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ፤ ከልቤ ነው። ቢያዝን አርጅቶ ባልጋው ላይ ሞተ፣ እኔም ይኸው አረጀሁ፣ ልጆቻችን ባንድ ወንበር ተቀምጠው ተማሩ። ግን እኔ ጊታሩን የገዛሁት ልጫወትበት ነበር።